ስለ አንዱ ድስትና ስለ ልጄ ሆድ

ለክብርት የመሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ኃላፊ፣
በክብር ወንበርዎ ላይ እንዳሉ፤

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እንቅልፍዎስ? የምግብ ፍላጎትዎስ? ሆድዎ የሰጡትን ሁሉ በሰላም ተቀብሎ በሰላም እያሰናበተልዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነውና ምኞቴ ከልብ የመነጨ መሆኑን ይመኑልኝ። እኔ ግን ደህንነቴን ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ እንደምመልሰው፣ ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው የስልክ ማዞሪያ ክፍል የምሠራው ሠራተኛ ነኝ። ስልክ ባነሱ ቁጥር «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» የሚልዎት ድምፅ የእኔ ነው። ድምፄን በየቀኑ ቢሰሙትም መልኬን የሚያውቁት አይመስለኝም፤ ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር እኔ እየሮጥኩ ነውና። የምሮጠው ወደ እርስዎ ማቆያ ነው። እዚያ፣ በመስኮቱ ሥር ባለችው አልጋ ላይ፣ በቤታችን «ጉልቤ» የምንለው ልጄ ይገኛል። ይህን ስም ያወጣለት አባቱ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ልጁ ይወፍር ነበር።

ይህንን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ በታሸገ ፖስታ መላክ ሲገባኝ በአሳንሰሩ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። ነገር ግን ማቆያዎ «ለአንዱ የቀረበ ለሁሉም ይቀርባል» የሚል መርሕ እንዳለው በግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ስላነበብኩ፣ ደብዳቤዬም ከመርሑ ውጪ እንዳይሆን ብዬ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ማሳሰቢያ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ልጄ እንደ ጓደኞቹ ከጋራው ድስት እንዲመገብ መስማማቴን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ፣ አለዚያም ልጄን ይዤ እንድቀር በትሕትና ይጠይቀኛል። ከፈረምኩ ልጄ ይታመማል። ካልፈረምኩ የወሊድ ፈቃዴም የዓመት ዕረፍቴም አልቀዋልና ሥራዬን አጣለሁ። ምርጫ የሚባል ነገር ከተሰጠኝ ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ከወዲሁ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ምናልባት ዘንግተውት ከሆነ፣ ልጄ ጡት እየጠባ ያለ ሕፃን ነው። የላም ወተትና እንቁላል አይስማሙትም። ይህን ያለው የሕፃናት ሐኪሙ እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የምበላው ሁሉ በጡቴ በኩል ስለሚደርሰው፣ ልጁ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ወተቱንም፣ ቅቤውንም፣ አይቡንም፣ እንቁላሉንም ትቻለሁ። ባልደረቦቼ ኬክ ሲቆርሱ ስልክ የጠራ አስመስዬ እወጣለሁ። ልጁ ምግብ የሚጀምርበት ዕድሜ ሲደርስ ሐኪሙ ያዘዘኝ ቀላል ነገር ነበር። አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፣ በጥቂቱ፣ ለተወሰኑ ቀናት እሰጠዋለሁ። ቆዳውንና ዳይፐሩን አያለሁ። ሰላም ከሆነ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ቅሬታዎች ሳይሆኑ በዚህ ቀላል ሥራ ላይ ማቆያዎ ስላደረገልኝ እገዛ የቀረቡ ምስጋናዎች እንደሆኑ አድርገው ቢያነቧቸው ደስ ይለኛል።

አንደኛ፦ ስለ ወጥ ቤትዎ ብልሃት። ልጄ ወተት እንደማይስማማው በጽሑፍ ባስታወቅሁ ማግሥት ወጥ ቤቱ ቃሌን እጅግ አክብሮ ወተቱን ከለከለና በምትኩ እርጎ አዘጋጀለት። የእርጎ እናቱ ወተት መሆኗን ባስረዳሁ ጊዜ እርጎውም ወዲያው ተነሣ። በቦታው የዱቄት ወተት ገንፎው ውስጥ ገባ። ዱቄት ደግሞ በማንኪያ የሚበላ እንጂ በጡጦ የሚጠጣ ስላልሆነ ከወተት ወገን አይቆጠርም ተባልኩ። ይህንንም በተቃወምኩ ጊዜ ወጥ ሠሪዋ እጄን ይዘው፣ እንዳትሰጊ፣ ደህና አድርጌ አፍልቼዋለሁ አሉኝ። ወተት ረግቶም፣ ደርቆም፣ ተፈጭቶም፣ ፈልቶም ያው ወተት መሆኑን ለማስረዳት ከዚያ በላይ ዕውቀት አልነበረኝምና ከወጥ ቤቱ ምንም እንዳይቀርብለት ጠይቄ ወደ ስልኬ ተመለስኩ። አይቡን ገና እየጠበቅሁ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ እንቁላሉ። ወጥ ቤቱ ለልጄ እንቁላል ማቅመሱን ስነግራቸው ምክትልዎ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አጽናንተውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሄዷል። የሄደው ግን በልጄ ጉንጭ ላይ ነው፤ ከጉንጩ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ደረቱ፣ ቀይ ሽፍታ ሆኖ። ቀስ በቀስም አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሞግዚትዎ ደግነት። ሁላችንም «እትዬ እሹሩሩ» የምንላቸውን ሴት ለመክሰስ ብዕር ሳነሣ እጄ ይከብደኛል። ልጄ ከእኔ ቀጥሎ የሚስቀው ለእሳቸው ነው፤ እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን ከእኔ አስቀድሞ ይስቅላቸዋል። እኚህ ደግ ሴት ሌሎቹ ሕፃናት ተደርድረው ሲመገቡ የእኔ ልጅ ዓይን ከማንኪያው ጋር ሲሄድና ሲመለስ ማየት አልቻሉም። ያምረዋል ብለው አዘኑለት። ስለዚህ ማንም ሳያይ፣ በተለይም እኔ ሳላይ፣ ከጋራው ድስት በማንኪያ ጫፍ ያቀምሱት ጀመር።

እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ በቤቴ የሐኪሙን ትእዛዝ እፈጽማለሁ። በዱባ ጀመርኩ፤ ሽፍታ ወጣበት፤ ዱባን ከለከልኩ። በሙዝ ሞከርኩ፤ ዳይፐሩ ላይ ክር የሚያህል ደም አየሁ፤ ሙዝን አባረርኩ። ድንች አመጣሁ፤ ሆዱ ተነፍቶ እግሩን እየሰበሰበ አለቀሰ፤ ድንችም ተፈረደበት። ከዚያ ወደ ራሴ ዞርኩ። ምናልባት እኔ የበላሁት ነው እያልኩ ባቄላውንም፣ ኦቾሎኒውንም፣ ቲማቲሙንም፣ ዓሣውንም አንድ በአንድ ተውኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ባለቤቴ ሳህኔን ዓይቶ፣ አሁን እንግዲህ የቀረሽ ውኃውን መጠርጠር ነው አለኝ። በእርግጥም ውኃውን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

እትዬ እሹሩሩን ወተት ሰጥተውት ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዓይኔን ያጥፋው!» ብለው ማሉልኝ። ውሸታቸውን አልነበረም፤ እሳቸው የሰጡት ገንፎ ነው፤ ገንፎው ውስጥ ያለውን ደግሞ ወጥ ቤቱ ወተት አይደለም ብሏል።

ነገሩ የታወቀው ጥገና ተብሎ የስልኩ መስመር ሁሉ በተቋረጠ ቀን ነው። ሥራ ፈትቼ፣ ያለ ጡት ማጥቢያ ሰዓቴ ወደ ታች ወረድኩ። እትዬ እሹሩሩ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ይዘው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየተሻገሩ ሰልፉን ጨረሱና ወደ መስኮቱ ሥር ሄደው ጎንበስ አሉ። ልጄ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። ሲያዩኝ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። «የእኔ ልጅ፣ አሳዝኖኝ እኮ ነው፤ ያማረው መስሎኝ ነው» ብለው አለቀሱ። አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ጠብታ አላቀመሱትም። እሳቸው ስሕተታቸውን ሲተዉት የእርስዎ ጽሕፈት ቤት አንሥቶ መመሪያ አደረገው።

በዚህ አጋጣሚ ዱባን፣ ሙዝንና ድንችን ያለ ምስክር ፈርጄባቸው ስለነበር በአደባባይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሦስቱ በስተቀር በዚህ ጉዳይ ይቅርታ የተጠየቀ ማንም የለም።

አራተኛ፦ ስለ ምክርዎ። ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ወንበር ሰጥተው፣ ሆድ እንደ እጅ በልምምድ እንደሚጠነክር፣ ሦስት ልጆችዎን በአንድ ድስት እንዳሳደጉ፣ ያሁን ዘመን እናቶች ማንበብ እንዳበዛን በትዕግሥት አስረድተውኛል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለውንም ፈገግ ብለው ጨምረውልኛል። ምሳሌውን ተቀብያለሁ። «ይለምደዋል» የሚለውን ቃል ግን ከእርስዎ፣ ከምክትልዎና ከወጥ ቤቱ በተደጋጋሚ ስለሰማሁት ትርጉሙ ጠፍቶብኛል። ባለፈው ሐኪሙ ልጄን ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው መርፌው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ቆመ። አንሥቶ እንደገና አስቀመጠው። ሁልጊዜ የሚቀልዳትን ቀልድ ያን ቀን አልቀለደም። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ፣ ክብርት ሆይ። ስልክ እያገናኘሁ እፈራለሁ፤ ደረጃ ስወርድ እፈራለሁ፤ ዳይፐሩን ስፈታ እፈራለሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለካ በእኔ የተተረተ ነው።

አምስተኛ፦ አምስተኛውን ልጽፍ ስል በመስኮቱ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁና የሚጠራውን ስልክ ትቼ ወደ ታች ሮጥኩ። የሌላ ሰው ልጅ ነበር የሚያለቅሰው፤ የእኔ ተኝቷል። እጄን አፍንጫው አጠገብ አድርጌ መተንፈሱን አረጋግጬ ተመለስኩ። ልጽፍ ያሰብኩት ስለጠፋብኝ አምስተኛው ይቅርልዎ። ስልካቸው ጠርቶ ጠርቶ ለተቋረጠባቸው ደንበኛም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማሳሰቢያዎ ላይ ስለተሰጠው ምክንያትም ላመስግን። ለአንድ ሕፃን የተለየ ሳህን ማቅረብ «በሌሎች ወላጆች ዘንድ ቅሬታ ይፈጥራል» ይላል። እኔ በበኩሌ የሌሎቹን ወላጆች አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ፤ ሥራዬ ሰውን ከሰው ማገናኘት አይደል? ቅር ያለው አላገኘሁም። አንዷ እናት እንዲያውም ማንኪያው በየአፉ መዞሩን ከእኔ ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። እንግዲህ ጉዳዩ የኔን ልጅ ከሰልፉ ማስወጣት ከሆነ፣ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ እንደተባለው፣ ምክንያት በመፈለግ ባይደክሙ ለጤናዎም መልካም ነው።

የምለምነው ይህ ነው። ልጄ ከቤት ይዤለት የምመጣውን ይብላ። በራሱ ሳህን፣ በራሱ ማንኪያ፣ እጇን በታጠበች ሴት ይብላ። እትዬ እሹሩሩ በዚህ ተስማምተዋል፤ ሳህኑን የሚያስቀምጡበት መደርደሪያም አሳይተውኛል። ወጥ ቤቱ የሚጨምረው ሥራ የለም፤ ማቆያው የሚያወጣው ወጪ የለም። የሚጎድል ነገር ቢኖር በግድግዳው ላይ ካለው መርሕ አንዲት ፊደል ናት፤ እሷንም እኔ መልሼ እቀባታለሁ።

ያንን ወረቀት ግን አልፈርምም። የቤት ኪራያችን ግማሽ የሚወጣው ከዚህች የስልክ ወንበር ነውና ጀግና ነኝ አልልም። ሰኞ ጠዋት፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚገባበት ሰዓት፣ ልጄን ታቅፌ፣ የተፈጨ ዱባ በዕቃው ይዤ ከማቆያው በር ላይ እቆማለሁ። በሩ ከተከፈተልኝ ልጄን ሰጥቼ ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። ካልተከፈተልኝ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አበላዋለሁ። የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ያየናል፤ ለምን እዚያ እንደተቀመጥን የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደ እርስዎ ቢሮ አገናኘዋለሁ።

ዘመንዎ ይርዘም፤ ወንበርዎ ይጽና፤ ማዕድዎ ሁልጊዜ የሚስማማዎት ይሁን። ስለ ልጄ ሲጨነቁ ያሳለፏቸው ደቂቃዎች ካሉ በልጅ ልጅ ይካሱ። ላደረጉልኝና ላላደረጉልኝ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው ቀሚሴ እንዳይወልቅ ግን በጣም ዝቅ ለማለት አለመቻሌን እንዲረዱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አክባሪዎ፣
የአራተኛ ፎቅ ስልክ አገናኝ፣
የጉልቤ እናት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሻይ አቅራቢዋ ተሳስታ ስኳር ያለበት ሻይ አስቀምጣልዎት ነበር። ስኳር እንደማይስማማዎት ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። አንዴ ፉት እንዳሉለት ፊትዎን ቋጠር አድርገው ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፉት። ሌላ ተቀድቶ እስኪመጣልዎ ስብሰባው ቆመ፤ ሁላችንም በአክብሮት ጠበቅን፤ ይለምዱታል ያለዎት ሰው አልነበረም። ልጄ ብርጭቆ መግፋት ገና አልተማረም።