ቱቦው ላይ የጠቀለልነው ጨርቅ

ለእታለሜ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃውን ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ልጆችሽ ይጠይቁሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከአፍንጫዬ በቀር ደህና ነኝ። አፍንጫዬ ግን ከባሌ ሊያፋታኝ ደርሷል።

ሐሙስ በመርከብ ተሻግሬ አንቺ ጋ እመጣለሁ፣ ከዚያም አልመለስም ብዬሽ ነበር። ክፍሉን አስጠርገሽ አልጋ ማስገባትሽን ልጅሽ ነግራኛለች። በስልክ ዝርዝሩን ያልነገርኩሽ፣ እዚህ ጀልባ ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ያንሾካሾክሽው ከሌላው ጫፍ ስለሚሰማ ነው። ዛሬ ታርሚዚ ገበያ ሲወጣ ጠብቄ ብዕር አነሳሁ። ምግብ ላይ ከሆንሽ ደብዳቤውን አጥፈሽ አስቀምጪው፤ በልተሽ ስትጨርሺም ቆይተሽ አንብቢው።

ታርሚዚ ጡረታ ወጥቶ ይህን አሮጌ የሸራ ጀልባ ሲገዛና «ከእንግዲህ ቤታችን ይሄ ነው» ሲለኝ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ሽንት ቤቱ ግን በኔ ፈቃድ አልተገጠመም። አሮጌው ተሰብሮ አዲስ ሲመጣ፣ ከአጠገባችን የቆመው ጀልባ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌው ፓክ ሴማን «አንተ ልጅ፣ ባለሙያ ጥራ፤ ይሄ ነገር ቂም ይይዛል» ብለውት ነበር። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሠላሳ አንድ ዓመት የመርከብ ሞተር ጠብቄ፣ አንድ መቀመጫና አንድ የእጅ ፓምፕ ያቅተኛል?»

የጀልባ ሽንት ቤት እንደ ቤትሽ አይምሰልሽ። ከውሃው ልክ በታች ነው የምትቀመጪው። ባሕሩን በአንዱ ቱቦ ትስቢያለሽ፣ የራስሽን ጉድ በሌላው ትገፊያለሽ፣ ክንድሽ እስኪዝል ፓምፑን ላይ ታች እያደረግሽ። ቱቦዎቹ ከውሃው ልክ በላይ ወጥተው ካልታጠፉ ባሕሩ ራሱ ተመልሶ ይገባል። ይህን ፓክ ሴማን ነግረውታል። ከፍ ላድርገው ቢል ግን ቁም ሳጥኔን መብሳት ሊኖርበት ነው፤ «ላንቺ ብዬ ነው የተውኩት» ይለኛል እስከ ዛሬ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ባሕሩ ብቻውን ቢመጣ ደግ ነበር፤ የሁለታችንን የማታ እራት ይዞ ነው የመጣው። ነጠላ ጫማዬ ይንሳፈፋል፤ አጠገቡ ምን ይንሳፈፍ እንደነበር አልነግርሽም።

እሱን አስተካከለ። ቁም ሳጥኔም ተበሳ፤ አሁን ቱቦው እንደ አንጀት በቀሚሶቼ መሃል ያልፋል። ጥቂት ወራት እንደቆየ ደግሞ ፓምፑ አልገፋ አለ። ሽንትና የባሕር ጨው ሲገናኙ ድንጋይ ይሆናሉ አሉ፤ ቱቦው ከውስጥ ጠብቦ ጠብቦ ጣት አያስገባም። አቼቶ ቢያፈስበት አልለቅ አለ። ከዚያ አውጥቶ የወደቡ ጣውላ ላይ ይደበድበው ጀመር። ቢጫው ቅርፊት ሲረግፍ አንዷ ፍንጣሪ መጥታ ከንፈሬ ላይ አረፈች። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ እንኳ ቀኑን ሙሉ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ፓክ ሴማን ከጀልባቸው ሆነው «ታርሚዚ፣ ለምሳ ነው የምትወቅጠው? እኛን እንዳትጠራን!» ይሉታል፤ ወደቡ በሙሉ ይስቃል። እሱም ይስቃል። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መጨረሻ ላይ ቱቦውን ጥሎ ከገበያ ሌላ ገዝቶ ገጠመ። ሽታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፍራሹ ውስጥ ገባ፣ ሩዙ ውስጥ ገባ፣ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። የምሰግድበት ልብሴ በቱቦው ጎን ስለሚሰቀል፣ ሱጁድ በወረድኩ ቁጥር የሚቀበለኝ የሽንት ቤት ሽታ ሆነ። በአላህ ፊት እንዲህ ሆኜ ልቁም? «እስከ ሐሙስ ይህን ሽታ ካላጠፋህ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ቀልዴን እንዳይመስልህ» አልኩት።

ፓክ ሴማን መላ ነገሩን። ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክረን ቱቦው ላይ እንድንጠቀልል፣ ሲቀዘቅዝ እንድናሸተው፤ ቱቦው ሽታ የሚያሳልፍ ከሆነ ጨርቁ ይናገራል አሉ። አደረግነው። ታርሚዚ ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ በረጅሙ ሳበና «ንጹሕ ነው» አለ። ተቀብዬ እንዳሸተትኩት ወደ ላይ ሮጬ ባሕሩ ላይ አስመለስኩ። ስመለስ ጨርቁን እንደያዘ ቆሟል። «አንቺ የምትሸሺው ከሽታው አይደለም፤ ከኔ ነው። ሰበብ እየፈለግሽ ነው» አለኝ።

እታለም፣ ደሜ ፈላ። ውሸታም ነህ ልለው አሰብኩና ማስረጃ ይዤ ልበለው ብዬ ወደ ምድጃው ሄድኩ። ብላቻን አወጣሁ፤ ለሳምባል፣ ለቀዩ የቃሪያ ድልሃችን፣ የምንጨምረው የከረመ የሽሪምፕ ድቁስ፣ ገና ክዳኑ ሲነሳ ድመት የሚሰበስበው። እሳት አስነካሁትና እንዲያ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ «ይሄኛውንስ? ከታችኛው በኩል የፈታሁት ነው» ብዬ ሰጠሁት።

ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደረቱ እስኪነፋ ሳበው። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም። «አየሽ? ይሄም ንጹሕ ነው» አለኝ፣ ደስ እያለው።

ይሄኔ ፓክ ሴማን ከማዶ «ዛሬ ሳምባል ነው እንዴ? ለኛም አስቀሩልን!» ብለው ጮኹ።

ታርሚዚ ሰማቸው። ወደ ምድጃው አየ፣ ወደ ጨርቁ አየ፣ ቀስ ብሎ ፈታው። ቡናማውን ነገር ሲያይ ተቀመጠ። እኔ ለድል ነበር የተዘጋጀሁት፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ ብዬ ጠየቅሁት። «ሁለት ረመዳን አለፈው። ሳምባልሽን በዓይኔ ነው የምበላው፤ ቀዩ ደማቅ ሲሆን ጣፈጠ እልሻለሁ» አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው «ምን ብዬ?» አለ። ቀጥሎም ሠላሳ አንድ ዓመት የናፍጣ ጭስ ሲስብ የኖረ አፍንጫ ሌላ ምን ይሆናል አለኝ። አዎ፣ ናፍጣው ነው አልኩት። ናፍጣው ይሁን ብዬ አሁንም ዱዓ አደርጋለሁ።

ግን ባልሽን ሐጂን አላህ ይማረውና፣ ለቅሶው ላይ ጓዳ ተቀምጠን የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ማንም ምንም ሳይጠረጥር፣ ሩዝ አጠገቡ ከስሎ ሽታውን አለመስማቱን፣ አንቺም ምነው ደነዘዝክ ብለሽ መቆጣትሽን። በስተመጨረሻ በማንኪያ ስታጎርሺው የኖርሽውን እኔም አይቻለሁ።

ትናንት ታርሚዚ ቱቦውን የሚያስረውን ፋሼታ ሊያጠብቅ ካቻቢቴ ሲያነሳ ሦስት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ዛሬ ገበያ ሲሄድ ጣውላው ላይ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ግራ እጁ ይወዛወዛል። ቀኝ እጁ ከጎኑ ተንጠልጥሏል፣ አይንቀሳቀስም።

ሐሙስ አልመጣም። አልጋውን ለሚተኛበት ሰው ስጪው። ቱቦውን እኔና ፓክ ሴማን ልንቀይረው ነው፤ ታርሚዚ የገዛው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ኖሯል፤ ሽታ አያቆምም። ፓምፑንም ዛሬ ጠዋት ራሴ ፈትቼ አጽድቼዋለሁ። እጄን ስሰድ ለስላሳ ነገር ዳሰስኩ፤ ሁለት ጊዜ አስመልሼ ጨረስኩት። ሥራው ይቀፈኛል እታለም፣ ወደፊትም ይቀፈኛል። ፍቅር ሽታ ያጠፋል የሚል ካለ እዚህ ይምጣና ያሽት። ግን ካሁን በኋላ እሱ እንዲነካው አልፈልግም፤ ካቻቢቴው ሲወድቅበት ሰው እንዲያይ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቁስልሽን ብነካ ይቅር በይኝ። ሐጂ የሩዙን ሽታ ሳይሰማ ከቀረበት ቀን እስከ ማንኪያው ድረስ ስንት ዓመት ሆነው? ብዙ ከሆነ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ጥቂት ከሆነ ቁጥሩን ተዪውና ስለ ዝናቡ ብቻ ጻፊልኝ፤ ደብዳቤውን እሱም ሊያነበው ይችላል።

አላህ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ከልጆችሽ ደስታ ያብላሽ፣ ለኔም ያንቺን ትዕግሥት ያውሰኝ።

ታናሽሽ