የታሪኩ መቀነት

ሰኞ
ዛሬም ከወንበር ያነሳችኝ ልጄ አስቴር ናት። ወንድ ልጄን ታሪኩን የሞተር ሳይክል አደጋ ከነጠቀኝ ወዲህ የለቅሶ ፍራሽ ላይ ሰነበትኩ፤ ጉልበቴ እዚያው ቀረ። አስቴር እሑድ ሐዋሳ፣ ቤቷ ልትወስደኝ ነው። "እማዬ፣ ብቻሽን መነሳት ካልቻልሽ እንዴት ትቼሽ ልሂድ?" አለች። የወንድሟ መቃብር እዚህ ሴቻ ሰፈር ነው። ጥዬው አልሄድም።

ማክሰኞ
አስቴር ሲቀላ ሰፈር ያለው ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሰላም የምትባል፣ በእንቅስቃሴ የምታክም ፊዚዮቴራፒስት የደም ግፊቴን ለካች። እግሬ ላይ ደም ረግቶብኝ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀች። ከዚያ ጭኔን በሰፊ ቀበቶ አሰረችና በአየር ነፋችው። በእኔ ዕድሜ ከባድ ነገር ማንሳት አይሆንም፤ ደሙን ትንሽ ገታ አድርጎ ቀላሉን ማንሳት ግን ጡንቻ ያበረታል አለች። እንደታሰርኩ ቀስ እያልኩ ሳነሳው እግሬ ተቃጠለ። ከቀብሩ ወዲህ ከሆዴ ሕመም ሌላ የተሰማኝ ይኼ ብቻ ነው።

ረቡዕ
ቀጠሮዬ ዓርብ ነው። አልጠበቅኩም። ታሪኩ ከጨንቻ ሸማኔ ያሠራልኝ መቀነት አለ፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሆዴን የማስረው በእሱ ነው። ዛሬ በእሱው ጭኔን ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። ሆዴን የያዘልኝ እግሬንም ይይዝልኛል ብዬ። እግሬ ደንዝዞ ጠቆረ። ፈትቼ ሆዴ ላይ መለስኩት። ለአስቴር አልነገርኳትም።

ዓርብ
ሰላም ሰንበሩን አየች።
"እማማ፣ በምን አሰሩት?"
"በመቀነት።"
"በሬ ነው እንዴ የሚጠልፉት?" አለች። ግን አልሳቀችም። መዳፏን እግሬ ላይ አድርጋ ቆየች። "እኔ የማስረው በልክ ነው፣ ወዲያውም እፈታዋለሁ። ደም ካልተመለሰ እግር ይሞታል።"
ዛሬ አላሰረችኝም። ከወንበር መነሳት ብቻ አለማመደችኝ። አልተነሳሁም። ሆዴ ላይ ያለውን መቀነት ነካ አድርጋ፣ "ይኼ አላስጎነብስ ብሎዎታል። ወደ ፊት ካላጎነበሱ አይነሱም" አለች።
መቀነቱን አልፈታሁትም።

ቅዳሜ
እምቢ አለኝ። ከወንበሩ ብቻዬን መነሳት እንዳቃተኝ ስታይ አስቴር ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

እሑድ
አስቴር ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መቀነቱን ፈታሁት። አንጀቴ የሚዘረገፍ መሰለኝ። አጎነበስኩ። ብቻዬን ተነሳሁ።
አስቴር ጄሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።
"ድገሚው" አለች።
ሁለተኛው እምቢ አለኝ። አስቴር ግን ሻንጣውን ወደ ጓዳ መለሰችው። "ለአንድ ወር እዚሁ ትቆያለሽ፤ ሰላም ጋ እየሄድሽ" አለች።
መቀነቱ ወንበሩ ላይ ነው። ሆዴ ባዶ ሆነብኝ። ማታ መልሼ አስረው ይሆናል።