ጦሙን ያደረ ማሽን

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ይሻው፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዳገቱን በምርኩዝ ይወጣሉ ወይስ አሁንም ምርኩዝ የሽማግሌ ነው እያሉ ከእማዬ ጋር ይጣላሉ? እማዬስ ያ ሳሏ ለቀቃት? በጎቹ፣ ገብሱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበቱ? ውርጩስ ዘንድሮ ድንቹን ማረው? እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብል ግን ውሸት ነው፤ የእማዬ ወጥም ጎድሎኛል።

በጎረቤታችን በዋልልኝ አፍ የላኩብኝ ደርሶኛል። «ያቺን የማዶዋን መሬት ላንተ ብዬ ለይቻታለሁ፤ ባለፈው ክረምትም ጦሟን አደረች። መጥተህ ትይዛታለህ ወይስ አትይዛትም? ቁርጡን ንገረኝ» ብለዋል። እውነትዎን ነው። በስልክ እንዳልነግርዎ ኔትወርኩ ጉና ላይ አንዱን ቃል ሰጥቶ ሌላውን ይውጣል፤ ይህ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር ነገር አይደለም። መጀመሪያ ግን ሥራዬን ላስረዳዎ፤ ሐሳቤ የመጣው ከዚያው ነው።

የተቀጠርኩት ተመራማሪዎች አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሞክሩበት ማዕከል ነው። ሰርቨር የሚባሉ ማሽኖች አሉ፤ ስክሪን የላቸውም፣ ሲያዩዋቸው ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ግን የብዙ ኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። እኔና ባልደረባዬ አዳነ ከካርቶን አውጥተን፣ ለሁለት ተሸክመን የብረት መደርደሪያው ላይ አሰርናቸው፤ ሜሞሪያቸውን ሰካን፣ ገመዳቸውን ዘረጋን። ሙቀት ስለማይወዱ ክፍሉ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። ጋቢ ደርቤ ስገባ አዳነ የጉና ሰው ብርድ ይፈራል እንዴ እያለ ይስቅብኛል።

ከዚያ ሶፍትዌር መጫኑ መጣ። ከአንዱ ዋና ማሽን ወደ ሌሎቹ እንዲተላለፍ ብናዝዛቸው እምቢ አሉ። ገመድ ብንቀይር፣ ብናጠፋ ብናበራ፣ ወይ ፍንክች! ለካስ ሰዓታቸውን ስንሞላ እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብዬ በሀበሻ፣ አዳነ ዘጠኝ ብሎ በፈረንጅ አስገብተናል። ማሽን ደግሞ ሰዓቱ የማይገጥመውን ባልንጀራውን አያምንም። በራሳችን ስቀን ስቀን አስተካከልነው፤ ሥራውም ተቃና።

የማዕከሉ ደንብ እንዲህ ነው፤ ማሽን የማንም ርስት አይደለም። ሙከራ ያለው ተመራማሪ በስሙ ይይዛል፣ ሲጨርስ ይለቃል። እኛም የነበረበትን ሁሉ ደምስሰን፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጭነን፣ እንደ አውድማ ጠርገን ለባለ ተራ እንሰጣለን። መጀመሪያ የለፋሁበትን በገዛ እጄ ማጥፋት ቅር ይለኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ወደድኩት።

ባለፈው ሳምንት ትዝታ የምትባል ተመራማሪ የገብስን ዋግ ከቅጠሉ ፎቶ የሚለይ ፕሮግራም ልትሞክር መጣች። ሁሉም ማሽን ተይዟል። ስመለከት አዳነ ለራሱ ሙከራ ብሎ በስሙ የያዘው ከጥምቀት ወዲህ ምንም አልተሠራበትም፤ መብራት እየበላ ዝም ብሎ ቆሟል። ማሽኑ ጦሙን እያደረ ሰው ታስጠብቃለህ፣ የማትሠራበትን ልቀቅ ብዬ ጮህኩበት። ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል ብዬ ነው አለኝ። ትዝታም «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ብላ ተረተችበት። አዳነ አፍሮ ለቀቀ፣ እሷም ያንኑ ዕለት ሥራዋን ጀመረች። እኔ ግን ከአፌ የወጣው ቃል ሲከነክነኝ ሰነበተ። ቃሉ የእርስዎ ነው እኮ፤ የላኩብኝ ስለ መሬቷ ነበር።

አባዬ፣ እኔም ምናልባት እመለስ ይሆናል እያልኩ ነው የያዝኩብዎ። አልመለስም። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ ድንጋዩን ለቅመው፣ እርከን ሠርተው ለእኔ ያቆዩዋት መሬት ናትና። ሥራዬን ግን ወድጄዋለሁ፤ ኑሮዬም እዚሁ ነው። እህቴ የምስራች ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ የሰው መሬት በእኩል ይዛ ድንች ትተክላለች፤ የድካሟን ግማሽ ለባለ መሬቱ ትሰፍራለች። የእኔዋ አጠገቧ ባዶዋን ተኝታለች። ሴት እርፍ አትጨብጥም እንዳይሉኝ፤ አራሽ ቀጥራ እንደምታመርት በዓይንዎ አይተዋል። መሬቷን ለእሷ ይስጡልኝ። ለአንድ ክረምት አይደለም፤ በስሟ ይዙርላት። ነገ ሐሳቤ ቢለወጥ እንኳ እንዳልጠይቅ፣ ይህ ደብዳቤ ሽማግሌ ባለበት ይነበብ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት ወደ ከተማ ትምጣና ሐኪም ትይ። አክስቴን ወርቅነሽን እንደምን አሉ ይበሉልኝ። ታናሼ ባምላኩ ትምህርቱን እንዳይተው፤ በሒሳብ ከደከመ ክረምት ላይ እኔ ዘንድ ይምጣ። ዋልልኝንም ያመስግኑልኝ፤ መልእክቱን ሳያጎድል አድርሷል።

የምስራች፣ ደብዳቤውን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ሰላምታሽ መጨረሻ ላይ ሆነ። አውቅሻለሁ፤ ስለ መሬቷ የጻፍኩት ላይ ስትደርሺ አፍረሽ ዘለሽ ታልፊያለሽ። አልፈሽው ከሆነ ተመለሺ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢላቸው።

ልጅዎ ጋሹ ይሻው
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.