በአንድ ቦታ የተበጠሱት ሦስት ሽቦዎች፦ የአቶ አጽብሐ አስገዶም የሕይወት ታሪክ
(ከ1930 እስከ 1984 ዓ.ም.)

አቶ አጽብሐ አስገዶም ከአባታቸው ከአቶ አስገዶም በርሄ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ንግስቲ ገብረአምላክ ሐምሌ 12 ቀን 1930 ዓ.ም. በዓዲግራት ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው አጎታቸው አቶ ገብረዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ አምጥተው አፍንጮ በር ካለው ቤታቸው አሳደጓቸው። የሰፈሩ ልጆች በአማርኛቸው እየሳቁ ስላስቸገሯቸው ብዙ አለመናገርን የለመዱት ያኔ ነው ይባላል። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ብዙ አልተናገሩም።

ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1947 ዓ.ም. ፒያሳ ከነበረ አንድ ጣሊያናዊ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠሩ። ፒንሳና ካቻቢቴ አያያዙን፣ ሽቦ መበየዱን፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥቱን ከእሱ ተማሩ። በ1955 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር መውጫ ላይ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ደንበኞቻቸው እንደሚያስታውሱት አቶ አጽብሐ አንድም ቀን «ተሠርቷል» ብለው ሬዲዮ አስረክበው አያውቁም፤ «ለጊዜው እሺ ብሏል» ነበር የሚሉት። ያ «ለጊዜው» ያሉት ሬዲዮ ግን ሃያ ዓመት ያገለግላል። በ1957 ዓ.ም. ከወ/ሮ ምብራት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው አክበረትን፣ በርሄንና ሙሉዓለምን ወለዱ።

እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ ሟች ደፋርና ቆራጥ ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። አቶ አጽብሐ ግን ፈሪ ነበሩ። ደፋር ነበሩ ብንል እዚህ የቆማችሁት ጎረቤቶቻቸው ትታዘቡናላችሁ። የፈሩትም በከንቱ አልነበረም፤ ምን ይፈሩ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የምንናገረው ዛሬ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ የጣሊያኖች ክበብ የነበረ አዳራሽ ተወርሶ የሕዝብ ስፖርት ቤት ሆኖ ነበር። በአዳራሹ ጣሊያኖቹ ስኬርማ የሚሉት፣ ሁለት ሰዎች ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን በወንፊት ሸፍነው በቀጭን ሻሞላ የሚወጋጉበት ጨዋታ ይካሄዳል። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣው ዕቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። በሻሞላው ጫፍ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ተጋጣሚው ላይ ስትጫን፣ በእጅጌ ገብቶ በጀርባ በሚወጣ ሽቦ በኩል ከሳጥኑ ላይ አምፖል ይበራል። አምፖሉ ካልበራ ነጥብ የለም።

ችግሩ የአንድ ሰው አምፖል አንዴ እየበራ አንዴ እምቢ ማለቱ ነበር። ሰውየው መቶ አለቃ ገነነ ወልደገብርኤል ይባላል፤ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት፣ የአካባቢው የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ፣ ስኬርማን በመኮንንነት ትምህርቱ ላይ የተማረ። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል በውጭ እንግዶች ፊት እንዲጋጠም ታዞ ነበር።

ነሐሴ 1969 ዓ.ም. አንድ የታጠቀ ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ አቶ አጽብሐን «ትፈለጋለህ» አላቸው። ወ/ሮ ምብራት ምንም ሳይጠይቁ ጋቢ አቀበሏቸው። በዚያ ዓመት «ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ጋቢ ሳይዝ አይወጣም ነበር። አዳራሹ ደርሰው የሚፈለጉት ለሽቦ መሆኑን ሲሰሙ ከመሬት ተቀመጡ።

ሳጥኑን ፈትተው አዩ፤ ደኅና ነው። ሻሞላውን ለወጡ፤ ደኅና ነው። ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቢሞክሩት ቁልፏ መቶ ጊዜ ብትነካ አምፖሉ መቶ ጊዜ በራ። መቶ አለቃው ለብሶ ሲሰለፍ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ውጊያዎች ይበራል፤ ከዚያ ረዘም አድርጎ ሲወረወር ጭልም ይላል። የሬዲዮ ጠጋኞች እንዲህ ያለውን ብልሽት ከሁሉ አብልጠው ይጠላሉ፤ ሲፈልጉት ይደበቃል። ባለሥልጣን ፊት ሲሆን ደግሞ ብልሽት መሆኑ ቀርቶ ተንኮል ይመስላል።

መቶ አለቃውም ይህንኑ አላቸው፦ «አንተ ስትነካው ይበራል፤ እኔ ስነካው ይጠፋል። ይሄ ምን ይባላል?» ያኔ መልሱ «አሻጥር» እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው፣ ያውም የትውልድ ስፍራው ዓዲግራት የሆነ፣ ወዴት እንደሚወሰድም ይታወቃል። አቶ አጽብሐ ሽቦውን በአዲስ ለወጡት፤ በሳምንቱ ያም ከዳ። እንደገና ለወጡት፤ ሦስተኛውም ከዳ። መቶ አለቃው «በአራተኛው ስለ ሽቦ አይደለም የምንነጋገረው» ብሏቸው ሄደ።

ሦስቱን ሽቦዎች ቤታቸው ወስደው ከአምፖልና ከባትሪ ጋር አገናኟቸውና ከጫፍ ጀምረው ጣት በጣት እያጠፉ መረመሯቸው። የላይኛው ልባስ ምንም አልሆነም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ሲላላ ይገናኛል፣ ሲወጠር ይለያያል። ሦስቱም የተበጠሱት በአንድ ቦታ ነበር፤ ከጀርባ መውጫው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። የሌሎቹ ተጫዋቾች ሽቦ እዚያ ቦታ ላይ ጭረት እንኳ የለውም። አቶ አጽብሐ እጃቸውን ወደ ገዛ ወገባቸው ሰደዱና ነገሩ ገባቸው። መቶ አለቃው ከነጩ ልብስ ስር ሽጉጡን ታጥቆ ነው የሚጫወተው። በተወረወረ ቁጥር የቀበቶው ብረት ሽቦውን ይጨመድደዋል።

ካድሬ በየመንገዱ በሚገደልበት፣ ካድሬውም በፊናው በሚገድልበት በዚያ ጊዜ መቶ አለቃው ሽጉጡን መፍታት ፈርቷል። ብልሽቱ የሰውየው ፍርሃት ነበር። ይህን ለራሱ እንዴት ይነግሩታል?

ወ/ሮ ምብራት «ሽቦው አርጅቶ ነው በለው። የታጠቀውን አላየህም፤ በቃ» ብለው ለመኗቸው። አቶ አጽብሐ ግን አራተኛው ሽቦም እንደሚበጠስ ያውቃሉ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። በአራተኛው ቀን አዳራሹ ሄደው ከመቶ አለቃው ፊት ቆሙና «ጓድ መቶ አለቃ፣ ጥፋቱ ከወገብዎ ላይ ነው። ትጥቅዎን ካልፈቱ አይሠራም» አሉት።

መቶ አለቃው ዙሪያውን ቃኘ። ቀጥሎ «ማን ሰማ?» አለ። ከጥግ ልብስ ያጥፉ የነበሩት የዕቃ ቤቷ ኃላፊ፣ የአቶ አጽብሐ የሰፈር ጎረቤት ወ/ሮ መይሙና ሽኩር ነበሩ። «እንግዲህ ሦስት ሆንን» አለና ቀበቶውን ፈታ፤ ሽጉጡን ለወ/ሮ መይሙና ሰጥቶ ከዕቃ ቤቱ ቁም ሣጥን አስቆለፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲለማመድ ሽጉጡ እዚያ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ወ/ሮ መይሙና አንገት ላይ ይውላል። በበዓሉ ግጥሚያ ዘጠኝ ጊዜ ነክቶ አምፖሉ ዘጠኝ ጊዜ በራ። መቶ አለቃው አሸንፎ ወጣ፤ አቶ አጽብሐንም በሰው ፊት አቅፎ ሳማቸው። የፈሩት ሰው ሲስማቸው እንደ ልጅ አልቅሰው ነበር፤ ወደዱትም።

ጥቅምት 14 ቀን 1970 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶ አለቃ ገነነ ልምምዱን ጨርሶ ወደ አትክልት ተራ ሲወርድ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በጥይት መትተው ገደሉት። ባዶ ወገቡን ነበር። ወ/ሮ መይሙና ልጃቸው ታሞባቸው ቁልፉን በአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ቀደም ብለው ወደ ቤታቸው ሄደው ኖሯል። እሱም ቢጠብቅ አልመጡለት፤ ስብሰባ ስለነበረበት ወጣ።

ምርመራው አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ሽጉጡ ከወገቡ የማይለየው ሰው ያን ቀን እንዴት ባዶውን ወጣ? ማንስ ያውቅ ነበር? አቶ አጽብሐና ወ/ሮ መይሙና በአንድ ቀን ተያዙ፤ በተለያየ ክፍል ተጠየቁ። አቶ አጽብሐ አሥራ አንድ ቀን ታስረው «ምንም አላውቅም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም። የደረሰባቸውን ለማንም አልተረኩም፤ ሲፈቱ ግን የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ወ/ሮ መይሙናም በዚያው ሰሞን ተለቀቁ።

ከእስሩ ይልቅ መፈታቱ ባሰባቸው። ለምን ለቀቁኝ? መይሙና ምን ብላቸው ይሆን? ዛሬ ባትናገር ነገ ትናገር ይሆን? የመቶ አለቃውን ትጥቅ ያስፈታሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ከወጣ አስገዳዩም እኔ እባላለሁ። ወ/ሮ መይሙና በሚያልፉበት ሰዓት የሱቃቸውን በር ገርበብ ያደርጉ ጀመር። ወ/ሮ መይሙናም መንገዳቸውን ቀይረው በላይኛው ቅያስ መዞር ጀመሩ። በ1972 ዓ.ም. በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ወ/ሮ መይሙና እጃቸውን ሲያወጡ አቶ አጽብሐ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ወ/ሮ መይሙና የጠየቁት ስኳር መቼ እንደሚታደል ነበር። እንዲህ እየሆኑ አሥራ አራት ዓመት ሰላምታ ሳይለዋወጡ አለፈ። ማታ ማታ ውሻ ሲጮህ አቶ አጽብሐ ተነስተው ጫማቸውን የሚያደርጉበትን ጊዜ ልጆቻቸው አይረሱትም።

አቶ አጽብሐ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በመስከረም 1984 ዓ.ም. ጠናባቸውና አልጋ ያዙ። በዚያ ሰሞን ወ/ሮ መይሙና ሳይጠሩ ሊጠይቋቸው መጡ። ወ/ሮ ምብራት ወንበር ሰጧቸው።

«መይሙና፣ ያን ጊዜ ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» አሉ አቶ አጽብሐ።

«ምንም አላውቅም ነው ያልኩት፣ ጋሼ። እርስዎስ?»

«እኔም ምንም አላውቅም ነው ያልኩት።»

ወ/ሮ መይሙና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «ቁልፉ እኔ አንገት ላይ እንደነበረ ይናገራሉ ብዬ ይኸው እስከ ዛሬ ስፈራዎት ኖርኩ። ሱቅዎን በሩቁ ሳየው እንኳ መንገዴን እቀይር ነበር» አሉ።

አቶ አጽብሐ «በመካከላችን እኮ ያለው ስድስት ቤት ነው» አሉ። ወ/ሮ ምብራት ከዚህ በኋላ የሆነውን አላዩም፤ ሁለቱን ትተዋቸው ወጥተዋልና።

ከዚያ ዕለት አንስቶ ወ/ሮ መይሙና ለአሥራ ዘጠኝ ቀን አንድም ቀን ሳይቀሩ እየመጡ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አቶ አጽብሐ አስገዶም ጥቅምት 3 ቀን 1984 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና እኚሁ ጎረቤታቸው በአጠገባቸው እንዳሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ይህም ታሪክ እንዲነበብ ወ/ሮ መይሙና በአንደበታቸው ፈቅደዋል። የመቶ አለቃ ገነነ ወላጆችም ሰምተው እንዲያውቁት ለእነሱም ይህ ጽሑፍ ተልኮላቸዋል።

አቶ አጽብሐ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ምብራትን፣ ሦስት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው ተለይተውናል። መድኃኔዓለም ነፍሳቸውን በር የማይንኳኳበት፣ ሰው ሰውን የማይፈራበት አገር ያኑርልን። ከእሳቸው በፊት ያለፈውንም ወጣት ነፍስ አብሮ ይማርልን። ለቀረነው ደግሞ ስድስቱን ቤት በጊዜ የምንሻገርበትን ልብ ይስጠን።