በደረቅ ምድር የተሞከረች ጀልባ

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የግፊት ክኒን ዋጥኩ። የጋሪው ውሃ ዛሬም ዘገየ። ሁለት በርሜል ብዬ ከፍዬ ባለ ጋሪው አንድ ተኩል አራገፈልኝ። በርሜሌ ያፈሳል አለ። የሚያፈስ በርሜል ይዞ ውሃ ይሸጣል! ተናገርኩት። አህያውን መታ። አህያው ምን አደረገ?

ሙሉጌታ ደወለ። ልጄ። ያ ግርግር ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሐዋሳ ገባ። እናንተም ኑ ብሎ ነበር። እኔ የካራማራን ተራራ የምሻገረው በቃሬዛ ነው አልኩት። ዛሬም ቃሌ ያው ነው።

የደወለው ስለ ጀልባ ነው። ደግመህ አንብበው ደብተር፤ ጀልባ። ያገለገለች፣ ባለሞተር፣ ለቤተሰብ። ሐይቁ ደጁ ነው፤ እሑድ እሑድ ልጆቹን ሊያንሸራሽርባት። ይግዛ። እኔን ምን አገባኝ? ጀልባዋ ያለችው ጅጅጋ ነው አለኛ! ሐይቅ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ለመጠጥ እንኳ ጋሪ እንጠብቃለን፤ ጀልባ ግን አለ። ሞተር ታውቃለህና እይልኝ አለ።

ሞተር አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ የውሃ ፓምፕ ጠግኛለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ነገ አያታለሁ። አይቼ ግን የምለውን መስማት አለበት።

ጥር 15፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

በባጃጅ ሄድኩ። ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መውጫ አለፍ ብሎ፣ አንድ ነጋዴ ግቢ። እውነትም ጀልባ። ነጭ ፋይበር፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር። አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጣለች፤ ከስር በደንብ ተደርድሮላታል። ፍየሎች ጥላዋ ስር ተኝተዋል። አንዷ ውስጥ ገብታ ቁልቁል ታየኛለች፤ ካፒቴን መሰለች።

ደላላው አብዲ ይባላል። ሠላሳም አልሞላው። አዴር ይለኛል፤ በሱማሊኛ አጎት ማለት ነው። ነጋዴው ከበርበራ ወደብ አስጭኖ ያመጣት ወደ ደቡብ፣ ሸበሌ ወንዝ ሊወስዳት ነበር። ሐሳቡን ቀየረ፤ እዚህ ቀረች።

ሞተሩ ሁለት ነው። አንዱ ባለ አርባ የፈረስ ጉልበት፣ አንዱ ባለ አስራ አምስት። ገዢ የፈለገውን ይመርጣል። አብዲ ወሬው ሁሉ ስለ አርባው ነው። ወላሂ ትበራለች አለ። ልጄ አውሮፕላን አላዘዘም አልኩት።

በርሜል ውሃ አስሞልቼ በየተራ ነክሬ አስነሳኋቸው። ትንሹ ገመዱን ሦስቴ ስስበው ተነሳ። ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ጭሱ ትንሽ። ትልቁም ተነሳ። በርሜሉን ገልብጦ ፍየሎቹን በተናቸው። እውነቱን እጽፋለሁ፤ ትልቁም ጤነኛ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው።

የምመርጠው ግን ትንሹን ነው። ጨርሻለሁ።

ጥር 17፣ ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

ከሙ. ጋር ተጣላን። በስልክ መጣላት ጥሩ አይደለም፤ ጠርቅመው የሚወጡት በር የለም።

እሱ አርባውን ይላል። ከሰዓት ላይ ሐይቁ ነፋስ አለው፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ አቅም ያለው ሞተር ቶሎ ወደ ዳር ይመልሳል። እኔ አስራ አምስቱን እላለሁ። አቅም ያለው ሰው መጀመሪያ ነገር ከዳር ይርቃል። ትንሽ ሞተር የያዘ ደመና ሲያይ ቀድሞ ይመለሳል፤ ትልቅ የያዘ እደርሳለሁ ብሎ ይቆያል። በፓምፕም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ትልቁን ፓምፕ የወሰዱ ሁሉ ጉድጓዳቸውን በጊዜ አደረቁት።

ይሄን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ ምን አለ? "አባባ፣ ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?"

ዘጋሁበት።

አስካለ ሰምታለች። ሚስቴ ናት ግን ጠበቃው እሷ ናት። ልጁ ምን አጠፋ፣ አልወጣህም እኮ አለች። ምሳ በላን። ጨው አልነበረውም። አልጠየቅኳትም።

ጥር 19፣ እሑድ

ሙ. እኔን ሳይጠይቅ ከነጋዴው ጋር ተስማማ። ጀልባዋን ገዛ። ሞተሩን እስከ ሳምንት እንመርጣለን ብሏል። እንመርጣለን! ማንና ማን?

በኢሱዙ አምጥተው ግቢዬ አራገፏት። በሩ አላስገባ ብሎ ከማጠፊያው ነቀልነው። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ሐዋ፣ እዚህ ሰፈር አብረን ያረጀን፣ የዝናብ ትንቢት ታይቶዎት ነው ወይ አዴር ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። አስካለም ሳቀች፤ አየኋት።

ፊት አንድ ጎማ፣ ኋላ አንድ ጎማ አድርጌ አስቀመጥኳት። አብዲ ጎማ ልጨምር ወይ አለ። ይበቃል አልኩት። እኔ ነኝ የማውቀው።

ሞተሩ ተፈትሿል። ገላዋ ግን አልተፈተሸም። ታፈስሳለች ወይስ አታፈስስም? ሻጭ አታፈስም ይላል፤ ባለ ጋሪውም እስኪከፈለው ድረስ በርሜሌ ያፈሳል አላለም። ልጆች የሚቀመጡባትን ዕቃ በሰው ቃል አልቀበልም። በርሜል ሲፈተሽ ይሞላል፤ ጀልባም ይሞላል።

ጥር 20፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ቦቴ መጥቷል። ጀልባዋ ውስጥ ውሃ እየገለበጠ ነው። በጂላል! በደረቁ ወር! አስካለ እጇን አናቷ ላይ ጭናለች። የሰፈሩ ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሐዋ ከሁሉም ፊት። "አዴር፣ ሰው ከጀልባ ውስጥ ውሃ ይቀዳል፤ እርስዎ ይሞላሉ?"

እንዲያውም ይቅዱ። ሙከራው ሲያልቅ ለሁሉም አካፍላለሁ አልኳቸው። ሳቁ። አንዳንዱ ሰው ሳይረዳ መሳቅ ይወዳል።

6 ሰዓት። ሞልታለች። ዙሪያዋን በደረቅ ጨርቅ እየዳሰስኩ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። አንዲት! ሙ. ይጠይቀኝ አሁን፣ ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ ይበለኝ።

ማታ፣ ከራት በፊት

ተሰነጠቀች።

9 ሰዓት ግድም ነው። ጥላ ስር ተቀምጬ ነበር። እንደ እንጨት መሰበር ያለ ድምፅ። ሆዷ መሃል ላይ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወደ ታች ጎበጠች፤ ከዚያ ውሃው ተለቀቀ። በበሩ ወጣ፣ መንገዱን ያዘ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሮጡ፤ ከጭቃ ላይ የሚቀዳውን ያህል ቀዱ። ፍየል ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ሕፃናት በልብሳቸው ገቡበት። በዓል ሆነ።

ሁሉንም አባረርኩ። አስካለንም ወደ ቤት ግቢ አልኳት። አልገባችም። ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ጨምቃ ሰጠችኝ።

ፋይበሩ ነው። የፋይበሩ ጥራት ነው።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

አብዲ መጣ። ማንም አልጠራውም። ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን አየ፣ ጭንቅላቱን ያዘ። ፈጣሪ ባሕሩን የሠራው ከውጭ ነው አዴር አለኝ፤ አንተ ደግሞ ባሕሩን ውስጥ ከተትከው። ጀልባ ውሃ ላይ ስትሆን ውሃው ከስር ሁሉንም ቦታዋን እኩል ይይዛታል። አንተ ግን ሁለት ጎማ ላይ አስቀምጠህ ቦቴ ጫንክባት። ሰውን በራሱና በእግሩ ብቻ አንጠልጥለህ ሆዱ ላይ ብትቆም ምን ይሆናል?

ሻይ አልሰጠሁትም።

ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይጠገንና ቀለም ይቀባ፤ ሐዋሳ ማን ያያል? እንዳትነግራቸው አለ። ለጉልበቴ የምይዘውን ክራንች አንስቼ እስከ መንገድ ሸኘሁት።

ስለ ጎማዎቹ ያለው ትክክል ነው። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው፤ አንተም ለማንም አትናገር።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

የመኪና ፓራውልትና የውሃ ሮቶ የሚጠግን ሰው አመጣሁ። ከውስጥም ከውጭም ፋይበር ለጠፈ። ሽታው ራስ ያዞራል። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ አባቴ አሁን ከአዲስ በላይ ጠንካራ ናት አለ።

አውቀዋለሁ ያንን ቃል። ፓምፕ ጠግኜ ስመልስ የምለው እሱን ነበር። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አንዳንዴ በሳምንቱ ይመለሱልኝ ነበር። ፓምፕ ሲበላሽ ግን ሰው ይጠማል እንጂ አይሰምጥም።

ቀለም አልቀባም ብዬዋለሁ። ጥገናው ይታይ።

ሙ. ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም።

ጥር 26፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ስልኩ ጮኸ፤ ሙ. መስሎኝ ልዘጋ ስል የቤዛ ድምፅ። ትንሿ የልጅ ልጄ። አባባ ጀልባዬን አየሃት አለች። አየኋት አልኩ። ስትመጣ መሃል ላይ ነው የምቀመጠው፣ ጫፍ ላይ እፈራለሁ አለች። አንተስ የት ትቀመጣለህ?

መሃል ላይ። በትክክል ስንጥቁ ላይ።

ለአባትሽ ስጪው አልኳት። ነገርኩት። ጎማውን፣ ቦቴውን፣ ድምፁን፣ ጥገናውን፤ ሁሉንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይቅርታ አላልኩም። የሆነውን ግን ሳልቀንስ ነገርኩት።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ይሻል ነበር። ሳቀ! እስኪያለቅስ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ ነገራት፤ እሷም ከኋላ ስትስቅ ሰማሁ። በጂላል ጀልባ ውስጥ ውሃ! አባባ ሙት በለኝ!

ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። እንግዲህ የተጠገነ ሆድ አርባውን አይችልም አለ። ትንሹን ላክልኝ።

አሸነፍኩ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ውሻ አይልሰውም። በክርክር ሳይሆን ሰብሬ አሸነፍኩ።

ችግር የለውም፣ ስትደርስ ልጆቹን ይዤ ዳር ዳሩን እሞክራታለሁ አለ። ልጆቹን ይዤ! ያንን ሲል ነው ድምፄ የወጣው። አስካለ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። ሰፈሩ ሰምቷል መሰለኝ። የሰበርኳት እኔ፣ ያስጠገንኳት እኔ፤ ልጅ የሚሞከርባት ለምንድን ነው? ከእኔ በፊት ማንም እግሩን አያሳርፍባትም አልኩ።

እንዴት አድርገህ ነው አንተ ቀድመህ የምትገባው አለ፣ ቀስ ብሎ። ካራማራን ሳትሻገር?

ዘጋሁበት።

ጥር 28፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ትናንት የነቀልነውን በር እየመለስኩ ሳስብበት ዋልኩ። ዛሬ ኢሱዙ ይመጣል። ጀልባዋ ከነትንሹ ሞተር ትጫናለች፤ ከስር ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደረደርላታል፣ አብዲ ቢስቅም ባይስቅም። እኔም እሄዳለሁ። ወደ ሐዋሳ ልኖር አይደለም። ሙ. ይህን እንዲያውቅ። ሐይቁ ላይ ብቻዬን እወጣባታለሁ። አንድ ጊዜ በጠዋት፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት በነፋሱ። ተመልሼ ሆዷን በደረቅ ጨርቅ እዳስሳለሁ። ጨርቁ ደረቅ ከወጣ ልጆቹ ይገባሉ። ከረጠበ በመጥረቢያ እቆራርጣታለሁ፤ ለዶሮ ቤት ትሆናለች። ከዚያ ወደ ቤቴ።

ለአስካለ አልነገርኳትም። ጠዋት ስነሳ ግን ሻንጣ ታስሮ በር ላይ ቆሟል። ሁለት ሻንጣ። የሷ ትልቁ ነው።

ዋና አልችልም። ይህንንም ጻፈው።

ሐዋ መጣች። አራት ባዶ ጀሪካን በገመድ አንገት ለአንገት አስራ፣ ክዳናቸውን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ። ደረትዎ ላይ ይታጠቁት፣ ያንሳፍፍዎታል አለች። ወስጄ አመሰገንኳት፣ በአጭሩ። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። "አዴር፣ አደራ፣ እንዳይሞሏቸው።"

አሁንም ሳቁ፣ ሁሉም። አስካለ ጎንበስ ብላ ነው የሳቀችው። እኔ አልሳቅኩም። ገመዱን አጠበቅኩት፤ ደህና አስራዋለች።

ሹፌሩ ጋቢና ግባ ይላል በስልክ። ለካራማራ ብቻ ከላይ፣ ጀልባዋ ውስጥ እቀመጣለሁ። በቃሬዛ ነው የምሻገረው ብዬ ነበር። ጀልባ ቃሬዛ አይደለም፤ ስለዚህ ቃሌን አፍርሻለሁ። ከፈረሰ አይቀር ቀና ብዬ፣ እያየሁ

መጣ። ይሄ ዐይነ ስውር፣ በኋላ ማርሽ ነው የሚገባው! በሩን ገና ትናንት ነው የመለስኩት፣ ሳልነቅለው አያስገባህም፣ ቁም፣ ቁም አንተ