በጢሱ ውስጥ የተጠራ ስም

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ከቀኑ 11 ሰዓት

መብራት የለም። ጠመኔም አልቋል። 11ኛ "ለ" ላይ ሦስት ክ/ጊዜ በተከታታይ፤ ጉሮሮዬ ቆስሏል። በዚያ ላይ የክርክር ክበብ። ር/መምህሩ አንቺ የታሪክ መምህርት አይደለሽ ብሎ ጫነብኝ፣ ጭኖብኝ ቀረ።

የዛሬው ርዕስ የእኔ ምርጫ። የዛሬዎቹ ቱርኮች አያቶቻቸው በአርመኖች ላይ ላደረሱት መከራ ይቅርታ ይጠይቁ ወይስ አይጠይቁ? የመረጥኩት ሩቅ ስለሆነ ነው። ላንተ ምን እደብቃለሁ ደብተሬ፣ የቅርብ ርዕስ እፈራለሁ። የቅርብ ርዕስ ወላጅ ያስመጣል፤ ወላጅ ካልመጣ ስብሰባ ያስጠራል።

ልጆቹ ተንጫጩ። "አይጠይቁ" ባዮች፦ ያልገደለ ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? "ይጠይቁ" ባዮች፦ የአያቱን ቤት የወረሰ ዕዳውንም ይውረስ። አንዷ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ብላ ጭብጨባውን ጠቀለለችው። ድሉን ለእነሱ ሰጠሁ። ከዚያ የመዝጊያ ንግግር አደረግሁ። ኧረ ንግግር! በእኛ አገር ደም የተቃባ ሰው ልጁም የልጅ ልጁም ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይታረቅ የለም ወይ፣ ደባርቅ የሚያውቀውን ቱርክ እንዴት ያጣዋል አልኩ። ራሴን ወደድኩት።

ሰላም እጇን አወጣች። እናቷ መናኸሪያው አጠገብ ፔንሲዮን አላት። መምህር፣ የእኛስ? አለች። የእኛ የምን? የጠይቦቹ። ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ቀጥቃጮቹ፣ ቤተ እስራኤሎቹ፤ ቡዳ እያልን ያባረርናቸው። እናቷ ቤት ከእስራኤል የመጡ አንዲት እንግዳ አርፈዋል፤ ከዳባት በታች ስላለ መንደር ይጠይቃሉ፣ የሚነግራቸው ጠፋ።

"ርዕሱ ቱርክ ነው" አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ተቀመጠች። ፊቴ እስካሁን ይፋጃል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ፔንሲዮኑ ሄድኩ። ሰላምን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። የተጠቀሰው መንደር ግን የአባቴ፣ የአባባ፣ መንደር ነው። እሱን እያወቅሁ ነው የሄድኩት።

እንግዳዋ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ወ/ሮ የሺ። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ስኒከር፣ ወፍራም ሹራብ፣ ሻሽ። የውጭ አገር ሰው እጠብቃለሁ፤ አማርኛቸው ከእኔ የበለጠ የጎንደር ሆኖ ተገኘ። ቶሎ አይናገሩም፤ ከተናገሩም አይቆርጡም።

የመጡበትን ነገሩኝ። አባታቸው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። እናታቸው ተዋበች ሸክላ ትሠራ ነበር። ርስት አይሰጣቸውም፤ በሰው መሬት ጥግ ነው የሚኖሩት። አንድ ጊዜ የባላባቱ ልጅ ታመመ። በጢስ አጠኑት። ማን በላህ ሲሉት የተዋበችን ስም ጠራ።

ሥርዓቱን ታውቀዋለህ ደብተሬ፤ አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ በጢስ ይለፈልፋል፣ የጠራው ስም የበላው ሰው ነው። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ። በማግስቱ ቤታቸው ተቃጠለ። ተዋበችን ደበደቧት። የሊማሊሞን ቁልቁለት እየተደገፈች ወረደች፤ ዛሪማ ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች። ወ/ሮ የሺ ያኔ ጡት የሚጠቡ ሕፃን ናቸው። አዲ አርቃይ አጠገብ አደጉ፤ ኋላ በእግር ሱዳን ገቡ፤ ከዚያ እስራኤል።

አሁን ምን ይፈልጋሉ አልኳቸው። መሬት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው የጠየቅሁት። እንደዚህ ያለ ሰው ነኝ።

መሬት አላሉም። አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ነገር ይመላለስባቸው ነበር፦ "ያ ልጅ ግን ዳነ ይሆን?"

የባላባቱን ስም ያውቁታል። ግራዝማች እንግዳው።

ቀጥለው የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። ጥሩወርቅ ታከለ፣ አልኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። በእኛ አገር የማን ልጅ ነሽ ሲባል አያቱን ሳይጠራ የሚቆም ማን አለ? ጎበዝ ተማሪ ሳለሁ እስከ ሰባት ቤት እቆጥር ነበር። ግራዝማች እንግዳው አያቴ ናቸው፤ ዋጥኳቸው። አባቴ የዚያ አገር ሰው ናቸው፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ ብዬ ሹልክ አልኩ። ወ/ሮ የሺ መረቁኝ። መረቁኝ እኮ!

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ዳባት

አባባን በረት ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሰባውን ካለፉ ቆይተዋል፣ መጥረጊያ ግን ለሰው አይሰጡም። መቼም የታመመው ከሞቱት አጎቶቼ አንዱ ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ሞቷል ብዬ ልገላገል።

ጠየቅኳቸው። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኛ" አሉ።

ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አህያ ነድተው ቆላ ዛሪማ ወርደው ንዳድ ይዟቸው ተመለሱ። ዛሬ ቢሆን ጤና ጣቢያ፣ ኪኒን፣ በቃ። ያኔ ጢስ። ጋቢ ደርበውባቸው፣ አያቴ ጭንቅላታቸውን ጨቁነው ይዘው፣ ማን በላህ! አላውቅም ሲሉ ጢሱ ይጨመራል። ትንፋሽ አጠራቸው። አፋቸው ላይ የሚወዷት ሰው ስም መጣ። ተዋበች የጭቃ በሬ ትሠራላቸው ነበር፤ ጥማዱን ከነቀንበሩ። ስሟን ሲጠሩ ጢሱ ተነሣ። ውሃ ሰጧቸው።

"በአንድ ዋንጫ ውሃ ሸጥኳት፣ ጥሩዬ።"

በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ከቤት የሚጠፉት ለካ ለዚህ ነው። እኛ ጢስ ያስላቸዋል እንል ነበር። ስንስቅባቸውም ነበር።

ቤቷ የነበረበት ቦታ የእኛ እርሻ ነው። "ጠይብ ማሳ" ነው ስሙ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው የኖርኩት። ገብሱን በልቼ አደግኩ። የትኛው ጠይብ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ከዚያ ሄጄ ታሪክ ተማርኩ፣ ታሪክ አስተምራለሁ። ድንቄም!

ሕፃን ነበሩ እኮ አባባ፣ ጥፋቱ የአያቴ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠራኋት ሕፃን ሆኜ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን ጎልምሼ፣ ወልጄ፣ ሸብቼ ነው አሉ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

አባባ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ተነሡ። እርቅ ይሁን፣ ድንጋይ እሸከማለሁ አሉ። ደስ አለኝ። ይኸው ንግግሬ ሥጋ ለበሰ!

ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ወልዴ ዘንድ ሄድን። ሰንበቴውንም ሽምግልናውንም የያዙ እሳቸው ናቸው። አባባን አዳመጧቸው፤ ከዚያ ቀዝቀዝ ብለው "ታከለ፣ ከጠይብ ጋር ደም የለንም" አሉ። ደም የሚባል ነገር በእኩያ መሐል ነው። ደግሞስ ሴትዮዋ ባትበላህ ስሟ ምን ሊሠራ ባፍህ መጣ?

ይህን የሚሉት ስልክ በኪሳቸው፣ ሶላር በጣሪያቸው ይዘው ነው።

ስንወጣ አከሉበት። ይህን ነገር አደባባይ ካወጣኸው ሰንበቴውን እርሳው፤ ኋላም ቀባሪ ታጣለህ። አባባ ደነገጡ። እኔም። ሌላ ነገር ምን ልጻፍልህ፣ መንገድ ላይ ይተዉት ይሆን ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በአርመን ጉዳይ አንበሳ፣ በአባቴ ቀብር ጉዳይ ድመት።

አባባ ግን አልተዉትም። የንስሐ አባታቸውንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ለመኑ። ለነገ እሺ አሏቸው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ማምሻ

ከት/ቤት ቀረሁ። አባባና ሁለቱ ሽማግሌዎች በጠዋት ሚኒባስ ደባርቅ ገቡ። ከመናኸሪያው ጀርባ አባባ ድንጋይ መረጡ፤ ትንሹን አንሱ ቢሏቸው እምቢ አሉ። አንገታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ፔንሲዮኑ በር ደረሱ። እኔ ኋላ ኋላ። ስልኬን አውጥቼ ነበር። ፎቶ ላነሣ! ለማን ነበር የማሳየው?

ወ/ሮ የሺ ከበረንዳው ብድግ አሉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ደስታ መሰለኝ።

"ድንጋዩን አስቀምጡልኝ" አሉ።

የንስሐ አባታቸው፣ እመቤቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩን አሉ። ወ/ሮ የሺ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

"ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን እምቢ ማለት ነውር ነው። አውቃለሁ አባ፣ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። እምቢ ማለት ካልቻልኩ ግን ይቅርታ አልጠየቃችሁኝም፤ አዘዛችሁኝ።"

አባባ ድንጋዩን አወረዱ። መሬቱ ቢውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። እኔ ነኝ እርቅ እያልኩ ያሟሟቅሁት። እናትየዋን ያለ ፍርድ ነዳን፤ ልጇን ደግሞ ያለ ፈቃዷ ልናስታርቃት መጣን።

ሌላ የምለው ስላልነበረኝ እውነቱን ተናገርኩ። ጥሩወርቅ ታከለ እንግዳው ነኝ፣ ዓርብ ዕለት ደብቄዎታለሁ አልኩ። ልጁም ድኗል፣ እኚህ ናቸው።

ወ/ሮ የሺ አባባን ብዙ አዩአቸው። ተሳደቡ ስል፣ አለቀሱ ስል፣ "እናቴን ያስታውሷታል?" አሉ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ፎቶ የላት፣ መልኳን የሚያውቅ ዘመድ የቀረ የለ። በሕይወት ካሉት ፊቷን የሚያውቁ አባቴ ብቻ ናቸው። ስሟን የጠሩት።

አባባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ነገሯቸው። ጠይም ነበረች። ቀጭን፣ ቁመቷ መለል ያለ። ፍንጭት። ሥራ ላይ ታንጎራጉራለች፣ ሰው ሲመጣ ትተዋለች። ግራኝ ነበረች፤ ሰውም ለዚያ ይጠቋቆምባት ነበር። ወ/ሮ የሺ የሻይ ማንኪያ የያዘ ግራ እጃቸውን አዩት። ያኔ አለቀሱ። አባባም። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ምሬያለሁ አላሉም። አልምርም አላሉም። ሲለያዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። እናቴን ቡዳ ያላችኋት ደባርቅ አይደለም፣ እኔ ፊትም አይደለም። "ስሟን የጠሩት እዚያ ነው፤ እዚያው ይመልሱልኝ።"

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ወ/ሮ የሺ በጠዋት ወደ ጎንደር ሄዱ። ሻንጣቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። አቅፈው አልሳሙኝም፤ እጄን ጨበጡኝ። ያም በዛብኝ።

11ኛ "ለ" ገብቼ ሰላምን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ርዕሱ ቱርክ አልነበረም አልኳቸው። አንድም አልሳቀ።

ቀኑን ሙሉ የማስበው አንዲት ቱርክ መምህርት ነው። የማላውቃት። እሷም የቅርቡን ፈርታ ሩቅ ርዕስ ስትፈልግ፣ እኛን አግኝታ ይሆናል። ሐበሾች ሸክላ ሠሪዎቻቸውን ይቅርታ ይጠይቁ ወይ ብላ ታከራክራለች። ተማሪዎቿም በአንድ ድምፅ አዎ ይላሉ፤ ያጨበጭባሉ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ። ዳባት

ነገ ሚካኤል ነው፣ የመንደሩ ንግሥ። አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። አባባ ነገ እናገራለሁ አሉ።

ለመንኳቸው። በዓሉ ይለፍ፣ ለጥር ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን። ይህን ሁሉ አልኩ። አፈር ልብላ፣ አልኩት። ሰንበቴው ቢያስወጣዎት፣ ቀባሪ ቢያጡስ?

አንቺ ትቀብሪኛለሽ አሉ፤ ቀለል አድርገው። አካፋ መያዝ ትችያለሽ መቼም፣ ከጠመኔ አይከብድም። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነጠላዬን ይዤ ወጣሁ፣ ማሳው ዳር ቆምኩ። ገብሱ ታጭዷል። ምንም የሚታይ የለም።

እምቢ ብለው ባያሸንፉኝ ኖሮ ዝም እንዲሉ ባደረግኳቸው ነበር። ይህን ጻፈው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል

ታቦቱ ገባ። ሕዝቡ ጥዱ ሥር ተቀምጧል። እኔ ከሴቶቹ በኩል ነኝ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ መቀመጥ አልችልምና እጽፋለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ የተማሪ ውጤት መስሏቸው ጎበዝ ይላሉ።

ጠዋት ምን ሊሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ብዙም አይደለም አሉ። ተዋበች አልበላችኝም። የያዘኝ ንዳድ ነው። በውሸት ነው የጠራኋት፣ በውሸት ነው የገደልናት። ይኸው ነው።

አለቃ ወልዴ ምርቃት ጀምረዋል። አባባ ተነሡ። አለቃ በእጃቸው ተቀመጥ አሏቸው። አልተቀመጡም። ሰው ዞር ዞር ይላል። ድምፃቸው ቀጭኗል፣ አይሰማም የሚል አለ። ጮክ አሉ። ስሟን ጠሩ፣ ከነአባቷ። አሁን ጉምጉምታ ነው። አንድ ሰው ይህ ሽማግሌ ጃጀ አለ። አለቃም ተነሥተዋል። ደባርቅ አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል፣ አባባ አጠገብ የቆመ የለም፣ ሴት በወንዶቹ በኩል አትሄድም፣ ይቅር፣ እኔ ወደ