ኦሲሎስኮፑን ባለሙያ አየው

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ስትደውዪ ስልኩን ይዛ ጓዳ ትገባለች፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ድምፅሽን እሰማለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነን ቀረን። አንቺም አባዬን አገናኚኝ አላልሽ፣ እኔም ስጪኝ አላልኳት።

የምጽፍልሽ ስለ ኦሲሎስኮፑ፣ ስለዚያ ቮልት ስለምንለካበት መሣሪያ ነው። "ወይ ጉድ፣ ዛሬም ስለ ዕቃ!" ትዪ ይሆናል። እስቲ ታገሺኝ።

ትዝ ይልሻል? ባለሙያው ልኬቱን ለማስተካከል የጠራብን ዋጋ ሌላ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ይገዛ ነበር። "አባዬ፣ እኔ እያለሁ ለምን ትከፍላለህ?" አልሽና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታታሽው። ግማሽ ሰዓት አብርተሽ አሙቀሽ፣ የእያንዳንዷን ማስተካከያ ብሎን አቀማመጥ ደብተር ላይ ስለሽ፣ ቮልቱ በሚታወቅ አዲስ ባትሪ እያመሳከርሽ አስተካከልሽው። ስትጨርሺ ብሎኖቹ እንዳይላወሱ በእናትሽ የጥፍር ቀለም አተምሻቸው። እሷ ለቀለሟ ስትጮህ እኔ በሆዴ ኮርቼ ነበር። አፌ ግን "እስቲ እናያለን" አለ። ይሄ አፌ!

በሳምንቱ የአንድ ማተሚያ ቤት ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ስጠግን መሣሪያው ቮልቱን በጣም አሳንሶ አሳየኝ። ጨመርኩለት። ካርዱ ማሽኑ ላይ ሲገጠም ተቃጠለ። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጥገና ሱቃችን ድረስ መጥቶ ሲያፈጥብኝ ጣቴን ወደ አንቺ ቀሰርኩ። "ይቺ ልጅ መሣሪያውን ነካክታ ጉድ ሠራችኝ" አልኩት። የመበየጃ ካውያሽን ነቅለሽ ጓዳ ገባሽ፣ በዚያው ቀን ከቤት ወጣሽ። አሁን ጨርቅ መሸጫ ውስጥ እንደምትሠሪ፣ አምፖል እንኳ በሰው እንደምታስቀይሪ እናትሽ ነገረችኝ። "እጄን አላምነውም" አልሽ አሉ። ይሄ ነገር አንጀቴን በላው።

ባለፈው ሐሙስ መሣሪያውን ተሸክሜ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። ከፍቶ የጥፍር ቀለሙን ሲያይ ሳቀ። ከዚያ መለካት ጀመረ፣ ደጋግሞ ለካ፣ ሳቁንም ተወው። "ማን ነው ያስተካከለው? ንቅንቅ አላለም እኮ። እኔ ምንም አልነካም" አለኝ። የካርዱን ነገር ሳወራው ራሱን ነቀነቀ።

"አይ ጋሼ፣ ብሎን ቢዛባ ይሄን ያህል አያሳስትም። ፕሮቡ፣ መለኪያ ሽቦው ላይ ያለችውን ማብሪያ በአንድ ፈንታ አሥር ላይ ረስተዋት ነው። አሥሩን ቮልት አንድ አድርጋ ታሳያለች።"

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ ገና አሁን አወቀ ብለሽ ታዝኚልኝ ይሆናል። ግን ሚጡዬ፣ ባለሙያው ሲነግረኝ አልደነገጥኩም። ማብሪያዋን አሥር ላይ ሆና ያየኋት ያን ዕለት ነው፣ አንቺ ጓዳ ሻንጣሽን ስታዘጋጂ። ልነግርሽ እስከ መጋረጃው መጣሁ። አፈርኩና ተመለስኩ። ማብሪያዋን ወደ ቦታዋ መልሼ ዝም አልኩ። "ደህና ሁን አባዬ" ስትዪኝም ዝም አልኩ።

ባለሙያ ጋ የሄድኩትም ጥፋቱ ያንቺ እንዳልሆነ ሌላ ሰው እንዲልልኝ ፈልጌ ነው። ለእሱም ቢሆን ማወቄን አልተናገርኩም።

እኔን ይቅር ማለቱ ይቆይ። እጅሽን ግን እመኚው፣ ልጄ። ፈጣሪ እጆችሽን ይባርክልሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ።

ለእናትሽ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስትደውዪ ይቺን ደብዳቤ አንብቢላት።

አባትሽ